ሦስት ባንክ ውስጥ አክሲዮን መያዝ ሀብትን መበተን ነው?

የገንዘብ ጥያቄዎች ዓምዳችን በዚህ ወር ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ለደረሱን ደብዳቤዎች ቦታ ለቋል። ካልኩሌተር አጠገብዎ አድርገው ያንብቡ፤ ቁጥሩን ራስዎ ካልደገሙት ነገሩ አይያዝም።

ጥያቄ፦ ግሽ ዓባይ አካባቢ ነጋዴ ነኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ አራት ክፍል የሚከራይ ቤት አለኝ፤ ዛሬ ቢሸጥ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ያወጣል። ሁለት ባጃጅ ለሾፌር ሰጥቻለሁ፤ እያንዳንዳቸው 350 ሺህ ያወጣሉ። በሦስት ባንኮች በድምሩ የ450 ሺህ ብር አክሲዮን፣ 150 ሺህ ብር ቁጠባ፣ እንዲሁም እስካሁን 100 ሺህ የጣልኩበት ያልደረሰኝ ዕቁብ አለኝ። ጓደኞቼ «አንተማ ሀብትህን በታትነሃል፣ ምን ያሰጋሃል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው?

መልስ፦ በከፊል። ጓደኞችዎ የቆጠሩት የንብረቱን ዓይነት ነው፤ መቆጠር ያለበት ግን እያንዳንዱን ንብረት የሚጥለው ነገር ነው። አንድ ደብተር ይክፈቱና ገጹን በአራት ዓምድ ይክፈሉ። በመጀመሪያው ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣውን ዋጋ ይጻፉ፤ የገዙበትን ግን አይጻፉ፣ እሱ ትዝታ ነው። በሁለተኛው ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ፣ በሦስተኛው ወደ ጥሬ ገንዘብ ለመለወጥ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ በአራተኛው ደግሞ «ይህን ምን ይጥለዋል?» የሚለውን ይሙሉ።

የእርስዎ ድምር 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ነው። ቤቱ 50 በመቶ፣ ባጃጆቹ 25 በመቶ፣ አክሲዮኑ 16 በመቶ ገደማ፣ ቁጠባው ከ5 በመቶ ትንሽ በላይ፣ ዕቁቡ ወደ 3 ተኩል በመቶ ይሆናል። ፖርትፎሊዮ የሚባለው ይኸው ነው፤ የንብረቶችዎ ስብስብ ከነድርሻቸው።

አሁን ወደ አራተኛው ዓምድ እንሂድ። ክፍሎቹን የተከራዩት እነማን ናቸው? ተማሪ፣ የሆቴል ሠራተኛ፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ በከተማዋ የሚሠራ ሰው ከሆኑ፣ ባጃጁም የሚያመላልሰው እነዚሁን ነው። እንግዳ ሲቀር፣ ስብሰባ ሲሰረዝ፣ ትምህርት ሲቋረጥ ሾፌሩ የዕለት ገቢውን ማሟላት ያቅተዋል፤ በዚያው ወር ተከራይ ኪራይ ያዘገያል። ሁለት ታንኳ አንድ ላይ አስረው ጣና ላይ ቢወጡ ማዕበሉ ሁለቱንም አብሮ ነው የሚያነሳቸው። ከሀብትዎ 75 በመቶው በአንድ ገመድ ታስሯል፤ ገመዱም የባሕር ዳር የሰው እንቅስቃሴ ነው።

ሦስቱ ባንኮችስ? እነሱም ከሚያስቡት በላይ አንድ ናቸው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ አንዱን ባንክ ነክቶ ሌላውን አልተወም። የተከፈለ ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 2018 ድረስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ የታዘዙትም ሁሉም ናቸው። አንድ ባንክ በመጥፎ ሥራ አስኪያጅ ወይም በተበላሸ ብድር ሲጎዳ በሦስት መከፋፈልዎ ይጠቅምዎታል። መመሪያ ወይም የኢኮኖሚው ሁኔታ ዘርፉን በሙሉ ሲመታ ግን አይጠቅምም። የመጀመሪያው ዓይነት ስጋት በመበተን ይቀንሳል፣ ሁለተኛው አይቀንስም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ይህን በቁጥር ያሳየው ሃሪ ማርኮዊትዝ ነው። በ1952 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ የአንድ ስብስብ ስጋት የክፍሎቹ ስጋት አማካይ እንዳልሆነ፣ ክፍሎቹ አብረው መውደቅ አለመውደቃቸው እንደሚወስነው አስረዳ፤ በ1990 የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሦስት ሰዎችም አንዱ ሆነ። ስሌቱ ይኸውልዎት። ሦስት እኩል የሆኑ ኢንቨስትመንቶች አሉ እንበል፤ የእያንዳንዳቸው መዋዠቅ 20 በመቶ ነው። መዋዠቅ 20 ማለት፣ አማካይ ትርፉ 25 በመቶ ቢሆን፣ በግምት ከሦስት ዓመት ሁለቱን ትርፉ ከ5 እስከ 45 በመቶ ባለው ውስጥ ይውላል ማለት ነው። ተዛምዷቸው 1 ከሆነ፣ ማለትም ሁልጊዜ አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ከሆነ፣ የሦስቱ ስብስብ መዋዠቅ ያው 20 ነው። ተዛምዷቸው 0.9 ቢሆን 19.3 ይሆናል፤ ሦስት የአክሲዮን ሰርተፊኬት ይዘው ከ20ው ላይ የቀነሱት አንድ እንኳ አልሞላም። ተዛምዶ ባይኖራቸው ኖሮ ግን ወደ 11.5 ይወርድ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነው ሃምሳው ሰው የተለያየ ሰው ሲሆን ነው።

ባጃጁ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ትርፉ በስህተት የሚሰላ ንብረት ነውና። ሾፌሩ በቀን 500 ብር ገቢ ቢያስገባና በወር 26 ቀን ቢሠራ በዓመት 156 ሺህ ይሆናል። ለጎማ፣ ለመለዋወጫ፣ ለኢንሹራንስና ለዓመታዊ ምርመራ 36 ሺህ ቢወጣ 120 ሺህ ይቀራል። ባለቤቱ 120ን ለ350 አካፍሎ «34 በመቶ አተረፍኩ» ይላል። ባጃጁ ግን አርጅቷል፤ በዓመቱ መጨረሻ 300 ሺህ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ 50 ሺህው ከትርፉ ላይ ይቀነሳል። እውነተኛው ትርፍ 70 ሺህ፣ ማለትም 20 በመቶ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እንዲህ ባለ ጊዜ የባጃጁ መሸጫም የመለዋወጫውም ዋጋ ይወጣል። መሸጫው ሲወጣ ሀብታም የሆኑ ይመስልዎታል፤ የሚተካውን ባጃጅ የሚገዙትም በዚያው ዋጋ መሆኑን አይርሱ።

ዕቁቡ ወለድ የሌለው ቁጠባ ነው። ቀድሞ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል፣ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው አበድሯል። እርስዎ እስካሁን ካልደረሰዎት አበዳሪ ነዎት፤ ስጋትዎም ወስደው የሚጠፉት አባላት ናቸው። ዳኛውና ዋሶቹ ጠንካራ ካልሆኑ 100 ሺህውን በሙሉ ዋጋው አይቁጠሩት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቤቱን መሸጥ አንመክርም፤ ቤት ለመሸጥ ወራት ይፈጃል፣ የደላላና የስም ማዛወሪያ ወጪውም ይከብዳል። ግብዎ ቤትና ባጃጅ አንድ ላይ ከ60 በመቶ እንዳይበልጡ ቢሆን፣ ሁለት መንገድ አለዎት። 2 ሚሊዮን 100 ሺህው 60 በመቶ የሚሆነው ጠቅላላው 3 ሚሊዮን 500 ሺህ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ 700 ሺህ ብር አዲስ ገንዘብ በሌላ ቦታ ማጠራቀም አለብዎት፣ በሦስት ዓመት ቢያደርጉት በወር 19 ሺህ 500 ገደማ ነው። ወይም ያረጀውን ባጃጅ ሸጠው 350 ሺህውን ከከተማዋ እንቅስቃሴ ጋር ወደማይገናኝ ነገር፣ ለምሳሌ ወደ ግምጃ ቤት ሰነድ (ለመንግሥት የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ብድር) ወይም ወደ ጊዜ ገደብ ተቀማጭ (ባንክ ውስጥ እስከ ተወሰነ ቀን የሚቆይ ገንዘብ) ካዛወሩ ድርሻው በአንድ ቀን ወደ 62.5 በመቶ ይወርዳል፤ ለግቡ የሚቀረው ጥቂት ነው። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። አራተኛ ባንክ ፈልጎ አክሲዮን መግዛት ግን መፍትሔ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሽምብጥ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። 600 ሺህ ብር በአንድ ባንክ በቁጠባ አስቀምጫለሁ። ከጡረታዬ በላይ በወር 6 ሺህ ብር ያስፈልገኛል። አክሲዮን ስለሚያስፈራኝ ገንዘቤ እዚያው ቢተኛ አይሻልም?

መልስ፦ መፍራትዎ ተገቢ ነው፤ ግን የተኛው ገንዘብም እያነሰ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ወለዱ 7 ሆኖ የዕቃ ዋጋ በዓመት 15 በመቶ ቢጨምር ብዙ ሰው «8 በመቶ ከሰርኩ» ይላል። ትክክለኛው ስሌት 1.07ን ለ1.15 ማካፈል ነው፤ 0.93 ይሆናል፣ ማለትም የመግዛት አቅምዎ 7 በመቶ ያህል ቀንሷል። ዋጋ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ 72ን ለመቶኛው ያካፍሉ። በ7 በመቶ ገንዘብዎ እጥፍ የሚሆነው በ10 ዓመት ገደማ ነው፤ በ15 በመቶ የጤፍ ዋጋ እጥፍ የሚሆነው ከ5 ዓመት ባነሰ ጊዜ።

ሌላው ቶሎ መስተካከል ያለበት፣ ሁሉም በአንድ ባንክ መሆኑ ነው። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ዋስትና የሚሰጠው ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር ነው። በዚያው ባንክ ሌላ ቅርንጫፍ ሁለተኛ ደብተር መክፈት ጣሪያውን አይጨምረውም። ስድስት ባንክ እየዞሩ መሰለፍ ለእግርዎ ደግ አይደለምና አንመክርም፤ ሁለት ወይም ሦስት ባንክ ይበቃል።

የዓመት ወጪዎ 72 ሺህ ነው። ለሕክምና 48 ሺህ ብንጨምር 120 ሺህ ብር በፈለጉ ጊዜ በሚያወጡት ቁጠባ ይቀመጥ። የቀረውን 480 ሺህ በአራት ይክፈሉና 120 ሺህውን ለሦስት ወር፣ 120 ሺህውን ለስድስት፣ ሌላውን ለዘጠኝ፣ የመጨረሻውን ለአሥራ ሁለት ወር በጊዜ ገደብ ያስቀምጡ። በየሦስት ወሩ አንዱ ይደርሳል። ካላስፈለገዎት ለአሥራ ሁለት ወር ያድሱታል፤ ወለድ ከወጣ በአዲሱ ተመን ይጠቀማሉ፣ ከወረደ ሦስቱ በድሮው ተመን እየሠሩ ናቸው። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለድ በድርድር ነውና መስኮት ላይ ያለችው ልጅ የነገረችዎትን ቁጥር ይዘው ሳይወጡ ሥራ አስኪያጁን ያነጋግሩ። ከቀኑ በፊት ቢያወጡ ምን ያህል ወለድ እንደሚያጡም ውሉ ላይ ያንብቡ።

የግምጃ ቤት ሰነድ ለእርስዎ የሚስማማ ሌላ አማራጭ ነው። መንግሥት ለ28፣ ለ91፣ ለ182 ወይም ለ364 ቀን ይበደራል። ወለድ ተብሎ የሚከፈል የለም፤ ከሙሉ ዋጋው ቀንሰው ይገዛሉ፣ ሲደርስ ሙሉውን ይቀበላሉ። የ100 ሺህ ብር ሰነድ ለ91 ቀን በ96 ሺህ ቢገዙ ትርፍዎ 4 ሺህ ነው። ይህን የሚያካፍሉት ላወጡት 96 ሺህ እንጂ ለ100 ሺህ አይደለም፤ 4.17 በመቶ ይሆናል። ከሌላ አማራጭ ጋር ለማወዳደር በዓመት ይለውጡት፤ በ365 አባዝተው ለ91 ሲያካፍሉ 16.7 በመቶ ነው። የሦስት ወሩን 4 በመቶ ከዓመቱ 7 በመቶ ጋር አወዳድሮ «ቁጠባ ይሻላል» የሚል ሰው አይተናልና ነው።

ጥያቄ፦ ቀበሌ 14 የምኖር ወጣት መሐንዲስ ነኝ። በጥር መጀመሪያ የአንድ ባንክ 100 አክሲዮን ገዛሁ። የአንዱ የተጻፈ ዋጋ 1 ሺህ ብር ቢሆንም በ1 ሺህ 400 ነው የገዛሁት። ባንኩ 28 በመቶ ዲቪደንድ (የትርፍ ድርሻ) አወጀ፤ ለእኔ የደረሰኝ ግን ከ14 ሺህ ብር በታች ነው። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ አልተታለሉም፤ 28 በመቶው የምን መቶኛ እንደሆነ ስላልተነገረዎት ነው። ዲቪደንድ የሚታወጀው በተጻፈው ዋጋ ላይ ነው፣ ለአንድ አክሲዮን 280 ብር። የባንክ የሒሳብ ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፤ እርስዎ ገንዘቡን የከፈሉት በጥር ስለሆነ የሚሰላልዎት የግማሽ ዓመቱ 140 ብር ነው። ለ100 አክሲዮን 14 ሺህ ይሆናል፣ ከዚያም ግብር ተቆርጦ ይደርስዎታል። ሙሉ ዓመት ሲይዙትም 28 ሺህ ለ140 ሺህ ሲካፈል ከግብር በፊት 20 በመቶ ነው እንጂ 28 አይደለም።

ለሚቀጥለው ዓመትም 28ን አይጠብቁ። ባንኩ ካፒታሉን ለማሳደግ አዲስ አክሲዮን ሲሸጥ ያው ትርፍ ለብዙ ይከፋፈላል። 1 ቢሊዮን ብር ትርፍ ለ4 ሚሊዮን አክሲዮን 250 ብር ነበር፤ አክሲዮኑ 5 ሚሊዮን ሲሆን 200 ይሆናል። ትርፉ ሳይቀንስ የእርስዎ ድርሻ በአምስተኛ ቀነሰ ማለት ነው። ከመግዛትዎ በፊት ከዓመታዊ ሪፖርቱ የተከፈለ ካፒታሉን፣ መጠባበቂያውንና ያልተከፋፈለውን ትርፍ ደምረው ለአክሲዮኑ ብዛት ያካፍሉ። ያገኙት ቁጥር 1 ሺህ 100 ሆኖ በ1 ሺህ 400 የሚሸጥልዎት ከሆነ ለ300ው ብር ምን እየገዙ እንደሆነ ይጠይቁ።

አማካይ ትርፍም ያታልላል። አንድ አክሲዮን በመጀመሪያው ዓመት 50 በመቶ ወጥቶ በሁለተኛው 40 ቢወርድ ሻጩ «በአማካይ 5 በመቶ» ይልዎታል። 100 ብር 150 ሆነ፣ ከ150 ላይ 40 በመቶ ሲቀነስ 90 ቀረ። በዓመት 5 በመቶ ያህል ከስረዋል። የየዓመቱን ትርፍ ደምሮ ብቻ የሚነግርዎትን ሰው «ሒሳቡን እያባዛህ ድገምልኝ» ይበሉት።

ስለ መሸጥም እናንሳ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። አክሲዮንዎ በገበያው ያልተመዘገበ ድርጅት ከሆነ ገዢ የሚፈልጉት ራስዎ ነዎት፤ ስለዚህ በደብተሩ ሦስተኛ ዓምድ ላይ «ወራት» ብለው ይጻፉ። ተመዝግቦም በየቀኑ ገዢ ላይኖር ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 በ300 ብር ዋጋ 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለሽያጭ አቅርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነበር። በዚያ ሽያጭ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9 ሺህ 900 ብር፣ መሆኑ ግን ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ከባንክ ውጭ ያለ ዘርፍ እንዲይዝ በር ከፍቶ ነበር።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም «በወር 10 በመቶ እንከፍላለን» የሚሉ አሉ። ፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ንግድ) ነው ይላሉ። 100 ሺህ ላስገባ?

መልስ፦ አያስገቡ። በወር 10 በመቶ እየታጠፈ ሲሄድ 100 ሺህው በዓመት 313 ሺህ፣ በአምስት ዓመት 30 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ይህን የሚችል ሰው የእርስዎን 100 ሺህ ምን ያደርግለታል? የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳላቸው ይጠይቁ፤ «ሒደት ላይ ነው» ካሉ መልሱን አግኝተዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በትክክል መክፈላቸው ማስረጃ አይደለም፣ የሚከፍሉት ከኋላዎ ከገባው ሰው ገንዘብ ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዳ የማመላልስበት የሞተር ጀልባ አለኝ። ከጥምቀት በኋላ እጄ ላይ ጥሩ ገንዘብ ይኖራል፣ ክረምት ላይ ግን እበደራለሁ። ስንቱን ኢንቨስት ላድርግ?

መልስ፦ በየመጽሐፉ «የሦስት ወር ወጪ ያስቀምጡ» የሚለው ምክር የተጻፈው ደሞዝተኛን አስቦ ነው። የእርስዎ የሚሰላው ከጎደለው ወር ነው። የቤትና የጀልባው ወጪ በወር 38 ሺህ፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ባሉት አራት ወራት በወር የሚገባው 12 ሺህ ብቻ ቢሆን፣ በየወሩ 26 ሺህ፣ በአራት ወር 104 ሺህ ይጎድላል። ሞተሩ ቢበላሽ የሚያስፈልገውን 60 ሺህ ጨምሩበት፤ 164 ሺህ ነው። ከዚህ በታች ያለ ገንዘብ የኢንቨስትመንት ገንዘብ አይደለም፣ ዲቪደንዱ ምንም ያህል ቢያጓጓ። ያለዚያ ነሐሴ ላይ አክሲዮኑን ለመጀመሪያው ገዢ በርካሽ ይሸጡታል፣ ወይም ከዲቪደንዱ በሚበልጥ ወለድ ይበደራሉ።

60 ሺህው በቁጠባ ይሁን፤ ሞተር ቀን ቆጥሮ አይበላሽም። 104 ሺህው ግን መቼ እንደሚፈለግ ስለሚታወቅ በጥር መጨረሻ ለአራት ወር በጊዜ ገደብ ያስቀምጡት፣ በግንቦት መጨረሻ ይደርሳል። ከዚያ በላይ የተረፈውን ነው የሚበትኑት፤ ያም ቢሆን የሐይቁ ሥራ ሲቀዘቅዝ አብሮ በማይቀዘቅዝ ነገር ላይ። ሁለተኛ ጀልባ፣ ወደብ አጠገብ ያለ ሻይ ቤት፣ ለእንግዳ የሚከራይ ክፍል ሁሉም ያው ናቸው።

ድርሻዎቹን በዓመት አንዴ፣ ገንዘብ በሚገባበት በጥር፣ ያስተካክሉ። ለአክሲዮን 30 በመቶ መድበው ወደ 38 ቢያድግ ለመሸጥ አይቸኩሉ፤ የዘንድሮውን አዲስ ገንዘብ በሙሉ ባነሰው በኩል ይጨምሩ። የጊዜ ገደቡን ውል ሲፈርሙም «ሲደርስ በራሱ ይታደሳል» የሚል መስመር ካለ ያሰርዙት፤ ካልሰረዙት ግንቦት ላይ ለነዳጅ ያሰቡት ገንዘብ ሳያውቁት እስከ መስከረም ይታሰራል።